ቦዩን የሠራውና ቦዩን የጠበቀው

አንባቢዎቼ፣ ካናል የሚለውን ቃል ስትሰሙ በሐሳባችሁ ቶሎ የሚመጣላችሁ የስዊዝ ወይም የፓናማ ካናል ይመስለኛል። እነዚህ ታላላቅ መርከቦች የሚያልፉባቸው፣ መንግሥታትም የተጣሉባቸው ቦዮች ናቸውና ስማቸው መግነኑ አያስደንቅም። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ቦይ ነው። ይኸውም በእንግሊዝ አገር በሜዳውና በመንደሩ መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄደው፣ ጥልቀቱ በብዙ ስፍራ ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፈው፣ ዳክዬ ከነጫጩቶቿ የምትዋኝበት ትንሹ ቦይ ነው። በዚህ ቦይ ላይ ወርዱ ከሁለት ሜትር ጥቂት ብቻ የሚያልፍ፣ ርዝመቱ ግን እስከ 21 ሜትር የሚደርስ ጀልባ ይመላለስበታል። እንግሊዞች ናሮውቦት ይሉታል፤ ጠባብ ጀልባ ማለት ነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ትንሽ ይታገሠኝ። ሰው አንድ ታላቅ ነገር ሠርቶ ባስመረቀ ጊዜ እናጨበጭባለን፤ ስሙም በድንጋይ ላይ ይቀረጽለታል። ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ያን ነገር በየቀኑ የሚያጸዳውን፣ የሚቀባውን፣ የሚጠግነውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቀው የለም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ያስፈልጋል ቢባል ምን ትመልሳላችሁ? የእንግሊዝ ቦዮችና ጀልባዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ስለ ሆነ ነው ያነሣሁት። በጽሑፌ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ መስፋፋት ሲጀምር ትልቁ ችግር የመንገድ ችግር ነበር። መንገዱ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃ ይሆናል። አንድ ፈረስ በጀርባው ሁለት ኩንታል እንኳ በጭንቅ ይሸከማል። ያው ፈረስ ግን በቦይ ዳር እየሄደ ጀልባ በገመድ ቢጎትት ክብደቱን ውሃው ስለሚሸከምለት ከ250 እስከ 300 ኩንታል ጭነት ያንቀሳቅሳል። የብሪጅዋተር መስፍን የሚባለው ባለርስት በዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበረው፤ ከሰሉን ግን ወደ ማንቸስተር ገበያ ማድረሱ ከመቆፈሩ ይልቅ ይከብደው ነበር። ስለዚህ ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል የወፍጮ ሠሪ ባለሙያ አስጠርቶ ቦይ አስቆፈረ። ብሪንድሊ ጽሕፈት እምብዛም የማያውቅ፣ ስሌቱን በጭንቅላቱ የሚይዝ ሰው ነበር ይባላል። ቦዩ በ1761 ሥራ ሲጀምር በማንቸስተር የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ረከሰ። ይህን ያየ ባለገንዘብ ሁሉ «እኔም ቦይ ላስቆፍር» እያለ ተነሣ።

ቦይ መቆፈር ቀላል ነው፤ ውሃው እንዳይሰርግ ማድረግ ነው ችግሩ። በዚያን ጊዜ ሲሚንቶ እንደ ዛሬው አልነበረም። መድኃኒቱ ጭቃ ሆነ። ጥሩ ሸክላ አፈር በውሃ ተለውሶ፣ እኛ ለቤት ምርጊት ጭቃ እንደምንረግጠው ሁሉ በእግር እየተረገጠ፣ በቦዩ ወለልና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጭቃ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ውሃ አያሳልፍም። ከደረቀ ግን ይሰነጠቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቦዩ ገና ሲሠራ ጀምሮ ጠባቂ ይፈልግ ነበር። ውሃ የጎደለበት ዕለት ራሱን ማፍረስ ይጀምራልና።

ጀልባው ለምን ጠባብ ሆነ ብትሉም መልሱ በአንድ ተራራ ውስጥ ይገኛል። በ1766 ብሪንድሊ ትሬንትና መርሲ የሚባሉትን ሁለት ወንዞች በቦይ ለማገናኘት ሥራ ሲጀምር በመንገዱ ላይ ሄርካስል የሚባል ኮረብታ ገጠመው። ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሆነ ዋሻ በመዶሻና በባሩድ መፈልፈል ነበረበት። ዋሻው በሰፋ ቁጥር ወጪውና ጊዜው ስለሚጨምር፣ ብሪንድሊ ሁሉን ነገር በጠባቡ ለካው። የዋሻው ልክ የበሮቹን ልክ ወሰነ፤ የበሮቹ ልክ የጀልባውን ልክ ወሰነ። እነሆ ዛሬም በእንግሊዝ አገር አዲስ ጠባብ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ከ250 ዓመት በፊት የተወሰነውን ወርድ ያከብራል።

በዚያ ዋሻ ውስጥ ፈረሱ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ፈረሱ በኮረብታው አናት ላይ ይሻገራል፤ ጀልባዎቹ ደግሞ ሰዎች በጀርባቸው ተጋድመው፣ ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ፣ በጨለማ ውስጥ ይገፏቸው ነበር። ብሪንድሊ ራሱ ዋሻው ተጠናቆ አላየም፤ በ1772 ሞተ፤ ቦዩ የተከፈተው በ1777 ነው። ከዓመታት በኋላ ቶማስ ቴልፎርድ የሚባለው ታላቅ መሐንዲስ ከጎኑ ሁለተኛ ዋሻ ሠርቶ በ1827 አስከፈተ። የብሪንድሊ ዋሻ በዙሪያው ያለው ምድር በከሰል ቁፋሮ እየሰመጠ ስለ ሄደ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተዘጋ። የቴልፎርዱ ዋሻ ግን ዛሬም ጀልባ ያሳልፋል፤ መክፈቻውና መዝጊያው ሰዓት፣ ተረኛው ጠባቂ ሁሉ አለው።

አሁን ደግሞ በጀልባዎቹ ላይ ስለ ነበሩት ሰዎች ጥቂት ልናገር፤ በተለይ እንደ አስተማሪነቴ ይህ ክፍል ልቤን ይነካዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ባቡር መጥቶ ጭነቱን ሲሻማ የጀልባ ኪራይ ወረደ። ጀልባ ነጂውም ሠራተኛ መቅጠር ሲያቅተው የቤት ኪራዩን ትቶ ሚስቱንና ልጆቹን በጀልባው ላይ አሳፈረ። መኖሪያቸው በጀልባው ኋላ ያለች፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል የሆነች ክፍል ናት። የቀረው ስፍራ ሁሉ የጭነት ነው። ምድጃው፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ ሁሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። እናቶቹ ናሱን እየወለወሉ፣ በሩንና ባልዲውን ጽጌረዳና ግንብ ባለበት ሥዕል አስጊጠው ያችን ጠባብ ክፍል ቤት ያደርጓት ነበር። ልጆቹ ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ስለሆኑ ትምህርት ቤት አያውቁም። ፈረስ መንዳት የሚችል፣ ስሙን መጻፍ የማይችል ትውልድ በቦዩ ላይ አደገ።

ጆርጅ ስሚዝ የሚባል፣ ራሱ በልጅነቱ በጡብ ፋብሪካ የለፋ ሰው፣ በ1875 ስለ ቦይ ሕዝብ መጽሐፍ ጽፎ ለሕዝብ አሳወቀ፤ ምክር ቤቱንም ወተወተ። በ1877 ሕግ ወጣ። ጀልባው እንደ መኖሪያ ቤት ይመዝገብ፣ በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሰዎች ቁጥር ይወሰን፣ ልጆቹም ጀልባቸው በተመዘገበበት ከተማ የትምህርት መብት ይኑራቸው ተባለ። ጋዜጦች አመሰገኑ፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን ሕጉ መፈጸሙን የሚያይ ሰው በሚገባ ስላልተመደበለት በወረቀት ላይ ቀረ። ስሚዝ እንደገና ሲጮህ ኖሮ በ1884 የመጀመሪያውን የሚያጠናክር ሁለተኛ ሕግ ወጣና ተቆጣጣሪዎች ወደ ጀልባዎቹ መውረድ ጀመሩ። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሕግም እንደ ቦዩ ነው፤ ወጥቶ ጠባቂ ካጣ ይደርቃል።

ጊዜ ሄደ፤ ካሚዮንና አስፋልት መንገድ መጡ። በ1948 መንግሥት አብዛኞቹን ቦዮች በእጁ አደረጋቸው፤ ንግዱ ግን እየመነመነ ሄደ። በ1962 እና 1963 መካከል በነበረው ብርቱ ክረምት ውሃው ለሳምንታት በረዶ ሆኖ ጀልባዎቹን ባሉበት አሠራቸው። ጭነታቸውን በጊዜ ያጡት ደንበኞችም ወደ ካሚዮን ሄደው ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ብዙ ቦዮች ጠባቂ አጥተው ደለል ሞልቷቸው፣ ቄጠማ በቅሎባቸው፣ የአሮጌ አልጋና የጎማ መጣያ ሆነው ነበር። «እንድፈናቸውና መንገድ እንሥራባቸው» የሚል ባለሥልጣንም አልጠፋም።

ያዳናቸው ማን ነው? ንጉሥ አይደለም፤ ባለጸጋም አይደለም። ኤል ቲ ሲ ሮልት የሚባል መሐንዲስ ክሬሲ በምትባል አሮጌ ጀልባ ከሚስቱ ጋር በቦዮቹ ላይ እየተጓዘ ኖረ፤ ያየውንም ጽፎ በ1944 «ናሮው ቦት» በሚል ስም አሳተመ። መጽሐፉን ያነበበው ሮበርት ኤክማን ደብዳቤ ጻፈለትና ተገናኙ፤ በ1946ም የአገር ውስጥ ውሃ መንገዶች ማኅበር ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ ቦቲውን አጥልቆ፣ አካፋ ይዞ ወደ ጭቃው ወረደ። ለምሳሌ ያህል የስትራትፎርድ ቦይ ደቡባዊ ክፍል ሊዘጋ ተወስኖበት ሳለ በበጎ ፈቃደኞች፣ በወታደሮችና በእስረኞች ጉልበት ተጠግኖ በ1964 ንግሥቲቱ እናት መርቀው ከፈቱት። በ1990 ደግሞ ኬኔትና ኤቨን የሚባለው ረጅም ቦይ ከዓመታት ልፋት በኋላ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተከፈተ። ዛሬ በኢንግላንድና በዌልስ ያሉትን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገዶች የሚጠብቀው በ2012 ሥራውን የተረከበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ በእርሱም ሥር ብዙ በጎ ፈቃደኞች ይሠራሉ።

እንግዲህ ታሪኩን ካወቅን ዘንድ በሐሳባችን በጀልባው ላይ እንሳፈር። መሪው ከኋላ ነው። በእጃችሁ የምትይዙትን ዘንግ ወደ ግራ ብትገፉት የጀልባው አፍንጫ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ መጀመሪያ ላይ ሰውን ሁሉ ግራ ያጋባል። በአውራ ጎዳና ላይ ግራቸውን ይዘው የሚነዱት እንግሊዞች በቦይ ላይ ግን ቀኛቸውን ይይዛሉ። ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ ለመቆም የምትፈልጉ እንደሆነ ሞተሩን ወደ ኋላ ማሽከርከርና መታገሥ ነው። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት አራት ማይል፣ ማለት ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። የቆሙ ጀልባዎች ባሉበት ደግሞ ከዚያም ዝግ ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የምታስነሡት ማዕበል ካስማቸውን ከመሬት ይነቅለዋል፣ የቦዩንም ዳር ይሸረሽረዋል። ከለንደን እስከ በርሚንግሃም በቦይ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚጨርሰውን መንገድ ጀልባው በዐሥር ቀን ያህል ይጨርሰዋል።

ይህን ያህል ጊዜ የሚወስደው ፍጥነቱ በማነሱ ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ከ160 በላይ ሎኮች አሉ። ሎክ ማለት ጀልባ ዳገት የሚወጣበትና ቁልቁለት የሚወርድበት ደረጃ ነው። በግንብ የታነጸ ጠባብ ክፍል ሆኖ በላይና በታች ከባድ የእንጨት በሮች አሉት። ዳገት ስትወጡ በታችኛው በር ትገቡና በሩን ከኋላችሁ ትዘጋላችሁ። ቀጥሎም የድሮ ካሚዮን ሞተር ማስነሻ በመሰለ የታጠፈ ብረት የላይኛውን ክዳን ታነሣላችሁ፤ ውሃው ከላይ እየገባ ጀልባውን ያነሣዋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከላይኛው ጋር እኩል ሲሆን ያን ሁሉ ጊዜ በጉልበት የማይነቃነቀው በር በጀርባ ሲገፉት ቀስ ብሎ ይከፈታል። ስትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በዚህ ጊዜ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ እርከን ስላለ የጀልባው ኋላ በእርከኑ ላይ ከቀረ፣ ውሃው ሲጎድል አፍንጫው ይዘቀዘቅና ጀልባው ይሰጥማል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ነጭ መሥመር ተሰምሯል፤ ኋላችሁ ከመሥመሩ ወደ ፊት ይሁን። ከተያዘም ወዲያው የታችኛውን ክዳን ዘግቶ ውሃ መመለስ ነው።

አንድ ጠባብ ሎክ አንድ ጊዜ በተሞላና በጎደለ ቁጥር ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ይህ ውሃ ከየትም አይመጣም፤ ከላይ ከኮረብታው ካሉት ማጠራቀሚያዎች ነው። ስለዚህ በቦዩ ሰዎች ዘንድ የተከበረ ሥርዓት አለ። ከፊት ለፊታችሁ ሌላ ጀልባ ሲመጣ ካያችሁና ሎኩ ለእርሱ የተዘጋጀ ከሆነ ቆማችሁ ታሳልፉታላችሁ፤ እርሱ በወጣበት ውሃ እናንተ ትገባላችሁ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ውሃ ተረፈ ማለት ነው። ስትወጡም በሩንና ክዳኑን ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። የሚያያችሁ ዘበኛ ብዙውን ጊዜ የለም። የሚያየው ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ነው።

የጀልባው ጥበቃም እንዲሁ በትንንሽ ነገሮች የተሞላ ነው። ጠዋት ሞተር ከማስነሣት በፊት ዘይቱን በመለኪያው ማየት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ማየት፣ በጀልባው ሆድ የተጠራቀመ ውሃ እንዳለ መርምሮ በፓምፕ ማስወጣት ያስፈልጋል። ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው ዘንግ ከጀልባው ወደ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ውሃ እንዳይገባበት በየማታው ግራሶ ይጨመቅበታል። ይህን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ የሰነፈ ሰው ጠዋት ሲነሣ ውሃ ከወለሉ በላይ ሊያገኝ ይችላል። በጉዞ ላይ ሞተሩ ሲከብደው የተሰማ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፌስታል ወይም አሮጌ ገመድ በፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉንም ነቅሎ፣ ከበላዩ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ ክንድን በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሰድዶ በቢላዋ እየቆረጡ ማውጣት ነው። ከዚያም ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ መመለስ ይገባል፤ ክዳኑን በሚገባ ባለመዝጋት ጀልባ ይሰጥማልና።

ከዚህ ሌላ ብረቱ አለ። የዛሬ ጀልባዎች ብዙዎቹ የብረት ናቸው፤ ወለላቸው 10፣ ጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ውሃና አየር ለብረት ምን እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ይወጣል፤ አረሙና ዝገቱ ተፍቆ ታጥቦ በሬንጅ ቀለም ይቀባል። ኖኅ መርከቡን በቅጥራን ከለቀለቀ ወዲህ ሥራው ብዙ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በጎኑም የማግኒዥየም ቁራጮች ይበየዱበታል። ማግኒዥየም ከብረት ቀድሞ የሚበላ ማዕድን ስለሆነ ጀልባውን የሚበላው ነገር መጀመሪያ እርሱን ይበላዋል። ራሱ እያለቀ ጌታውን ያድናል። ካለቀ በኋላ ካልተተካ ግን ተራው የጀልባው ነው።

ጀልባው ቤት ጭምር ስለሆነ የቤትም ሥርዓት አለው። የመጠጥ ውሃው በታንክ ነው፤ ሲያልቅ በቦዩ ዳር ካለው ቧንቧ ይሞላል። የመጸዳጃው ቆሻሻ ወደ ቦዩ አይደፋም፤ ወደ ተመደበለት ስፍራ ተወስዶ ይፈሳል። መብራቱ ከባትሪ ነው፤ ተራው ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና ቆጥቦ መጠቀም ያስፈልጋል። የማብሰያው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ጀልባው ሆድ ይወርድና ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ለብቻው ይቀመጣል። በብርድ ጊዜ የሚያሞቃቸው የከሰል ወይም የእንጨት ምድጃ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ የዚህን የማይታይ ጋዝ መኖር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በመኖሪያ ጀልባዎች ሁሉ ላይ እንዲኖር ታዝዟል። በየአራት ዓመቱም መርማሪ መጥቶ ጋዙን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የነዳጁን መሥመር አይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ያለዚያ ወረቀት ጀልባው ፈቃድ አያገኝም።

«እንዲህ ያለ ጣጣ ያለበት ኑሮ ለምኔ!» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ሰው፣ በተለይ የለንደን የቤት ዋጋ ያልቻለው ወጣት፣ ዛሬ በጀልባ ላይ ይኖራል። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ሰው በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ስፍራ በተለምዶ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም፤ ካስማውን ነቅሎ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ አለበት። እንዲህ ያለው ሰው ውሃውን፣ ከሰሉን፣ መብራቱን በእጁ ስለሚለካ፣ ምን ያህል እንደሚያጠፋ በከተማ ቤት ከሚኖረው ይልቅ ያውቃል ቢባል እውነት ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። በመጋቢት 2018 ሚድልዊች በተባለው ከተማ አጠገብ የቦዩ ዳር በሌሊት ተናደ። ውሃው ከሥር ወዳለው ወንዝ ፈሰሰ፤ ጀልባዎች በጭቃ ላይ ተቀመጡ። ጥገናው ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ፈጅቶ ቦዩ የተከፈተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ጠባቂው ድርጅት ምርመራ አድርጎ እንዳስታወቀው ምክንያቱ የሎክ ክዳኖች ሳይዘጉ በመቅረታቸው ውሃው ሞልቶ በዳሩ ላይ መፍሰሱ ሳይሆን አይቀርም። እነዚያን ክዳኖች ማን ክፍት እንደ ተዋቸው አልተነገረም። ምናልባት የቸኮለ ሰው ይሆናል፤ ምናልባትም «ከኋላዬ የሚመጣው ይዘጋዋል» ያለ ሰው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የቆመ ሥራ፣ ብርቱ ክረምትና ጦርነት ያልጣለው ሥራ፣ አንድ ሰው ብረቱን ጥቂት ጊዜ ማዞር ስለ ከበደው ወደቀ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ተማሪዎችና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ። ብዙዎቻችሁ አዲስ ነገር ለመሥራት፣ ስማችሁ የሚጠራበትን ታላቅ ሥራ ለመጀመር ትመኙ ይሆናል፤ መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት እጃችሁ ላይ የሚወድቀው ሌላ ሰው የጀመረውን ማስቀጠል ነው። መዝገቡን በቦታው መመለስ ነው፤ የቀረውን ደብዳቤ መከታተል ነው፤ የትምህርት ቤቱን የውሃ ቧንቧ መፍቻ ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ ነው። በደስታ ተመርቆ በአንዲት ቁራጭ ጎማ መጥፋት ምክንያት የቆመ የውሃ ፓምፕ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ያን ፓምፕ የተከለውን ሰው ሁላችንም እናመሰግናለን። ጎማውን በጊዜው የሚቀይረው ሰው ቢገኝ ግን መንደሩ ውሃ ይጠጣ ነበር።

ብሪንድሊ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይህን ለመካድ አልመጣሁም። ነገር ግን እርሱ ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጀልባው ዛሬም የሚንሳፈፈው ትናንት ማታ ሰው ግራሶውን ስለ ጨመቀ፣ ዛሬ ጠዋትም ሰው የሎኩን ክዳን ስለ ዘጋ ነው። ነገ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችሁ ወይም በክፍላችሁ ስትገቡ ሌላው ሳይዘጋው የተወውን አንድ ነገር ብታገኙ፣ ማን እንደ ተወው ከመጠየቃችሁ በፊት ዝጉት።